የጓደኛዬ እናት በግ ሊያርዱልኝ ነው

ይህ ደብዳቤ የደረሰኝ ባለፈው ሳምንት ነው። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ፣ ቃሉን ግን አልነካሁም።

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። 22 ዓመቴ ነው። ተወልጄ ያደግኩት አዲስ አበባ ነው። ይህን ክረምት ለበጎ ፈቃድ አገልግሎት ወልቂጤ መጥቼ ልጆች አስጠናለሁ። አብራኝ የምታስጠና ጓደኛ አለችኝ፣ ጉራጌ አገር የጉመር ልጅ ናት። አርብ ከሰዓት ሄደን እሁድ እንድንመለስ ቤተሰቦቿ ጋ ጋብዛኛለች። ገጠር አድሬ አላውቅም። ደስ ብሎኛል፣ ግን በጣም ጨንቆኛል። እነሱ ሙስሊም ናቸው፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ፍልሰታም ገብቷል። እናቷ ደግሞ በስልክ "በግ ይታረድላታል" ብለዋታል። ምን እላለሁ? በዚያ ላይ ለእኔ ብለው ወጪ ሲያወጡ ይከብደኛል፣ ስመለስ 2,000 ብር ልሰጣቸው አስቤያለሁ። ለሰፈሩ ልጆች ደብተርና እስክሪብቶ ልይዝ፣ ለማስጠኛ ማዕከላችን ገጽም ፎቶ ላነሳ ነው። እትዬ፣ ልሂድ ወይስ ሰበብ ፈልጌ ልቅር? — ግራ የገባኝ፣ ከወልቂጤ»

ልጄ፣ ሂጂ። ሰበብ አትፈልጊ።

ከበጉ እንጀምር፣ ትልቁ ጭንቀትሽ እሱ ስለሆነ። እናትየው «ይታረድላታል» ያሉት አንቺን ለማጥመድ አይደለም። ልጃቸው ከከተማ ጓደኛ ይዛ ስትመጣ ቤቱ የሚለው ይህን ነው። ሥጋው የማን ነው የሚለውን ጉዳይ ደግሞ ከአንቺ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል። እዚያ አገር ክርስቲያንና ሙስሊም አጥር ለአጥር ነው የሚኖረው። ለክርስቲያን እንግዳ ክርስቲያን ጎረቤት ተጠርቶ ያርዳል፣ ድስቱም ለብቻ ይጣዳል። ለሙስሊሙ እንግዳም እንዲሁ። ማንም አይቀየምም፣ ማንም አያፍርም። የምናፍረው እኛ የከተማዎቹ ነን። አጠገባችን ቁጭ ብሎ የሚበላው ሰው ምን እንደማይበላ መጠየቅ ነውር ይመስለናል።

ደግሞስ ጾም ላይ አይደለሽ? ከነሐሴ 1 እስከ 15 ሥጋ የለም፣ በጉ ዘንድሮ ተርፏል። የሚያሳስበኝ የምትናገሪበት ሰዓት ነው። ለጓደኛሽ ዛሬ ንገሪያት። አርብ ማታ በጉ ከታረደ በኋላ፣ ገበታው ቀርቦ ሁሉም አንቺን ሲያይ «ይቅርታ፣ ጾም ነኝ» ብትዪ እንደ ጥፋት ይቆጠርብሻል፣ ልክም ናቸው። ዛሬ ከተናገርሽ ግን ጓደኛሽ ደውላ «እማ፣ ጾም ላይ ናት» ትላለች፣ አለቀ። ረመዳንን በየዓመቱ የሚጾሙ ሴት ጾም ምን እንደሆነ አይጠፋቸውም። እንዲያውም ስንት ሰዓት ላይ እንደምትገድፊ ጨምረሽ ንገሪያት። እስከ 9 ሰዓት የምትቆዪ ከሆነ እናትየው በ5 ሰዓት ትኩስ ምግብ አቅርበው ሲቀዘቅዝ እያዩ እንዳይቃጠሉ።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ፣ ጾሙን መደበቂያ እንዳታደርጊው። ሆዴ አይችልም ብለሽ የፈራሽውን ሁሉ «ጾም ነው» ብትዪ ቶሎ ይነቃብሻል። ቆጮ የጾም ነው። ጎመን በዘይት የጾም ነው። ድንች፣ ባቄላ፣ የገብስ ቆሎ፣ ሁሉም የጾም ነው። ጉመር ደጋ ነው፣ ገብሱና ድንቹ አይጠፋም። ጥያቄ የሚያስነሳው ቅቤ ብቻ ነው። ቅቤ እዚያ ቤት የማይገባበት ነገር ጥቂት ነው፣ አንዳንዱ ቤት ቡናው ውስጥም ይጨምራል። ስለዚህ «ቅቤም አልበላም» የምትለው ቃል ከስልኩ እንዳትቀር። ድስቱ ትናንት ቅቤ ነክቶት እንደሆነና እንዳልሆነ ግን አትመርምሪ። እሱን ለንስሐ አባትሽ ተዪው።

ቆጮ ካልኩ አይቀር ትንሽ ልቆይበት። አዲስ አበባ ክትፎ ቤት ስስ ተደርጎ የሚቀርበውን ታውቂው ይሆናል። የቤቱ ሌላ ነው። በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ምጣድ ላይ የበሰለ፣ ወፈር ያለ፣ ጠረኑ ቆምጠጥ የሚል፣ በቢላ የሚቆረጥ ነው። የመጀመሪያው ጉርሻ አፍሽ ውስጥ ሊዞር ይችላል። አትደንግጪ፣ በሦስተኛው ትለምጂዋለሽ። እዚያ ጠረጴዛ የደረሰበትን መንገድ ካወቅሽ ደግሞ ሌላ አክብሮት ይመጣልሻል። እንሰት ተተክሎ ለመፋቅ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። ከዚያ ሴቶቹ ተሰብስበው ይፍቁታል። የመፋቂያው ቦታ ላይ አንድ ጊዜ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። አንዲት ሴት መሬት ተቀምጣ፣ አንድ እግሯን ወደ ላይ አንስታ፣ የእንሰቱን ሽፋን በተረከዟ ከዘመመ ሳንቃ ጋር አጣብቃ፣ በቀርከሃ ፍቅፍቅ ታደርገዋለች። ነጩ ወደ ታች ይወርዳል፣ ቃጫው እጇ ላይ ይቀራል። ከሚጨመቀው ውሃ ሥር የሚዘቅጠው ቡላ ይሆናል። የተፋቀው፣ ቅጠል በተነጠፈበት ጉድጓድ ገብቶ ወራት ይቦካል። ወጥቶ እንደገና ይጨመቃል፣ ቃጫው እንዲደቅ በቢላ ይከተፋል፣ ከዚያ ነው ምጣድ የሚያየው። አገራችን ውስጥ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው የሚኖረው በዚህ ተክል ላይ ነው ይባላል። ክተፋው ከደረሰብሽ «ልሞክር» በይ። ይስቁብሻል። ሳቂ አብረሽ። ከዚያች ሳቅ በኋላ እንግድነትሽ ግማሹ ይወልቃል።

አሁን ወደ 2,000 ብሩ።

የራሴን ልንገርሽ፣ እስካሁን ሳስበው ፊቴ ይቀላል። በአንቺ ዕድሜ ነበርኩ፣ ለበጎ ሥራ ብዬ አንድ የገጠር ከተማ ሄጄ ነበር። እዚያ ያገኘኋት ጓደኛዬ ወላጆቿ ቤት ወስዳኝ ሁለት ሌሊት አደርኩ። ሲሸኙኝ እናትየውን አቅፌ ስስም ብር እጃቸው ውስጥ ጠቅልዬ አስቀመጥኩ። ሴትየዋ ምንም አላሉም። ፊታቸው ብቻ ዝም አለ። ጓደኛዬ መንገዱን ሙሉ ሌላ ሌላ ስታወራ መጣች፣ እኔ ደግሞ ጽድቅ የሠራሁ መስሎኝ ልቤ ሞልቷል። በሳምንቱ ሐሙስ፣ የገበያ ቀን፣ አንድ ልጅ ቅርጫት ይዞ መጣ። ገለባ ውስጥ የተቀበሩ 12 እንቁላሎች አሉበት። ከሥራቸው መሐረብ፣ መሐረቡ ውስጥ ያ ብር፣ እኔ እንዳጠፍኩት ታጥፎ። ሳይፈታ ነው የተመለሰው። እንቁላሉን በላሁት፣ ምን ላድርግ። ብሩን ግን ለብዙ ጊዜ ማውጣት አቃተኝ።

እኒያ እናት ድሃ አልነበሩም ማለቴ አይደለም። ነበሩ። ግን እኔ ያደርኩበትን ሌሊት አልጋ ያከራዩኝ አስመሰልኩባቸው። አንቺም ብር አትስጪ። በትራስ ሥርም አትተዪ፣ ለትንሹ ልጅም «ለከረሜላ» ብለሽ ያንን ሁሉ አታስጨብጪ።

ባዶ እጅሽን ሂጂ ግን አላልኩም። ባዶ እጅ መሄድ ደግሞ ሌላ ነውር ነው። ከሁሉ በፊት ቡና ያዢ። ጉመር ከፍታው ለቡና አይሆንም፣ ስለዚህ እዚያ ቡና ከገበያ ነው የሚገባው፣ አንድ ኪሎ ቡና ማንንም ያስደስታል። ሁለት ኪሎ ስኳር ጨምሪ። ወልቂጤ ስትሳፈሪ ትልልቅ ዳቦ ግዢ፣ ለልጆቹ ብርቱካን ወይም ሙዝ። ለእናትየው አንድ ሻሽ፣ ቀለሙን ጓደኛሽ ትምረጥ። ይህ ሁሉ ካሰብሽው ብር ይልቅ ክብሩ ይበልጣል። የያዝሽውንም ገብተሽ ሰው ፊት አትዘርግፊው። ለጓደኛሽ ስጫት፣ እሷ ወደ ማጀት ታስገባው።

ደብተሮቹን እዚያው ወልቂጤ ተያቸው።

ይህን ስል እንደምትከፊ አውቃለሁ። ሐሳብሽ ክፉ አይደለም። ግን እየሄድሽ ያለሽው እንደ ልጃቸው ጓደኛ ነው። በጎ ፈቃደኝነትሽ ማዕከሉ ጋ ይቆይልሽ። ደብተር ይዘሽ ሰፈሩ መሃል ከቆምሽ በአንድ ጊዜ ጓደኝነቱ ይቀርና «ከድርጅት የመጣችው ልጅ» ትሆኛለሽ። 20 ደብተር ይዘሽ 35 ልጅ ይመጣል። ያልደረሳቸው 15 ልጆች ሰኞ የማንን በር የሚያንኳኩ ይመስልሻል? የጓደኛሽን እናት በር ነው። አንቺ ያኔ ወልቂጤ ተኝተሻል።

ደግሞ የምትሄጂበትን ሕዝብ እወቂው። አዲስ አበባ ያሉ ጉራጌዎች ገና በ1950ዎቹ ገንዘብ አዋጥተው የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁመዋል። መንግሥት እስኪያስታውሳቸው አልተቀመጡም፣ አገራቸውን ከዋናው መንገድ ያገናኙት በራሳቸው መዋጮ ነው። ስትደርሺ ደግሞ ጀፎረን ታያለሽ። ከቤቶቹ ፊት ለፊት የተዘረጋው ሰፊ ሣራማ መንገድ ነው። ልጅ ይጫወትበታል፣ ከብት ይውልበታል፣ ለቅሶም ሠርግም እዚያው ነው። የማንም አይደለም፣ የሁሉም ነው፣ አንድ ሰው አጥሩን ገፍቶ ልቁረስ ቢል ሽማግሌ ይመጣበታል። ልብ ብለሽ እዪው። እንደዚህ የተደራጀ ሰፈር ላይ ቆመሽ እስክሪብቶ ብታድዪ ራስሽ ትሣቂያለሽ። መርዳት ከፈለግሽ መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ሲከፈት ጓደኛሽን ጠይቂያት፣ ለማን በማን በኩል እንደሚሰጥ እሷ ታውቃለች።

ፎቶውም ከዚሁ አይለይም። ለራስሽ አንሺ፣ አስፈቅደሽ። እናትየው ከማጀት በሥራ ልብሳቸው፣ በጭስ ዓይናቸው ቀልቶ ሲወጡ ካሜራ አትደቅኚ። «አንድ ፎቶ እንነሳ» ካልሽ ገብተው ልብስ ቀይረው፣ ሻሻቸውን አስተካክለው ይመጣሉ፣ ያኔ አንሺ። ማዕከሉ ገጽ ላይ ግን አንድም እንዳይወጣ። የሰው ቤት ለዘገባ አይሆንም። ስትመለሺ ጥሩ ጥሩውን አሳትመሽ ላኪላቸው፣ ስልክ ላይ ያለ ፎቶ ለእናት ፎቶ አይደለም። ግድግዳቸው ላይ ከተሰቀልሽ ዘመድ ሆነሻል።

እንግዲህ የአዳሩ ነገር። ቤቱ ጎጆ ይሁን ቆርቆሮ አላውቅም። ጎጆ ከሆነ መሃሉ ላይ ወፍራም ምሰሶ አለ፣ አንዳንዱ ቤት ከብቶቹም በአንድ በኩል እዚያው ያድራሉ። ሌሊት ስትነቂ ላም ስታመሰኳ ትሰሚያለሽ። የመጀመሪያዋን ሌሊት አያስተኛሽም፣ ሁለተኛዋን እንደ ዝናብ ድምፅ ይወስድሻል። ቴሌቪዥንና የፀሐይ መብራት ካለም አትዘኚ፣ «ገጠር አይመስልም» አትበዪ እባክሽ። ያንቺን ምናብ ለማሟላት አይኖሩም። ቁንጫ ሊኖር ይችላል። ዝም ብለሽ እከኪ።

ነሐሴ ነው፣ ደጋ ነው። ቦቲ ጫማ፣ ሹራብ፣ ባትሪ ያዢ። ረጅም ቀሚስና ነጠላም አይጥፋ። ጫማሽን እነሱ ሲያወልቁ አይተሽ አውልቂ። ሽንት ቤቱን ገና ሳይመሽ አሳዪኝ በያት፣ በጭቃ በጨለማ መፈለግ ቀልድ አይደለም። ሶላት ላይ ያለ ሰው ፊት አትለፊ፣ ድምፅሽን ቀነስ አድርጊ፣ ሌላ የተለየ ነገር አይጠበቅብሽም። አባትየው ጫት የሚቅሙ ከሆነና ቢጋብዙሽ «አልቅምም፣ አመሰግናለሁ» ይበቃል፣ ማንም አያስገድድሽም። የምግቡ «ብዪ፣ ብዪ» ግን በአንድ «በቃኝ» አይቆምም። ስለዚህ መጀመሪያ ጥቂት ቁረሺና ሲጨመርልሽ እንድትቀበዪ ቦታ ተዪ። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፣ በስንት ቤት ፈንድቻለሁ።

ሰላምታውን በእነሱው ቋንቋ ጓደኛሽ ታስተምርሽ፣ መኪና ውስጥ ስትሄዱ። እናትና አባቷን ምን ብለሽ እንደምትጠሪም ጠይቂያት፣ በስማቸው እንዳትጠሪ። ሁለት ሦስት ቃል ይበቃል። አጣመሽ ብትናገሪው እንዲያውም ይወደድልሻል።

የመጀመሪያው ማታ ሥራ ልርዳ ብለሽ አትገለባበጪ። እንግዳ ነሽ፣ ቁጭ በይ፣ እግርሽን ሊያጥቡሽ ውሃ ቢያመጡ አትዝለዪ። እኔ እንዲህ ያለውን ክብር ስቀበል መሬት ብትውጠኝ እወድ ነበር፣ አሁን ግን መቀበልም ሙያ እንደሆነ ገብቶኛል። በማግስቱ ግን ቡናው ሲቆላ መቁያውን ተቀበያት፣ ውሃ ሲቀዳ አብረሽ ሂጂ። የሚጣፍጠው ወሬ የሚወራውም ያኔ ነው።

አበው «እንግዳ ፊት ወርቅ፣ ኋላ ብር፣ ኋላ ጨርቅ» ይላሉ። አርብ ወርቅ ነሽ፣ ቅዳሜ ብር ነሽ። እሁድ ጠዋት ቁርስ ቀምሰሽ፣ ጾምሽ ካልፈቀደልሽ ቡናው ላይ አብረሻቸው ተቀምጠሽ፣ ጨርቅ ሳትሆኚ ውጪ። በጠዋት የምልሽ በሌላም ምክንያት ነው። ከሰዓት ዝናቡ ከያዘ መንገዱ ይጨቀያል፣ መኪናም ይጠፋል። «አንድ ቀን እደሩ» ይሏችኋል፣ ሦስቴ ይሏችኋል። ሰኞ ልጆች ይጠብቁናል በሏቸው፣ እውነትም ነው።

ሲሸኙሽ አንድ ነገር ያስይዙሻል። ቆጮ ይሆናል፣ ድንች ይሆናል፣ ምናልባት የገብስ ቆሎ። «አይ፣ አይ፣ አያስፈልግም» እንዳትዪ፣ የእኔን እንቁላል አስታውሺ። ተቀበይ። ማደሪያሽ ውስጥ ሻግቶ እንዳይጣል ደግሞ አዲስ አበባ ለእናትሽ ላኪው፣ ሲደርሳት ለጓደኛሽ እናት ትደውልላቸው። ሁለቱ እናቶች በስልክ ከተሳሰሙ የአንቺ ጭንቀት ከዚያ በኋላ ቦታ የለውም።

ውለታውን መመለስ ካማረሽ ጊዜ አለሽ። ጓደኛሽ አዲስ አበባ ስትመጣ ሆቴል እንዳትይዝ። እናንተ ቤት ትደር፣ ለእሷም ሙስሊም ጎረቤት ጠርታችሁ ይታረድላት። ለአረፋ ደግሞ ተመልሰሽ ነይ መባልሽ አይቀርም። መርካቶ ለመስቀል ጭር እንደሚል ታውቂያለሽ፣ ለአረፋም ሙስሊሞቹ እንዲሁ ወደ አገራቸው ይነጉዳሉ። ያኔ በጉን የሚያርድልሽ ክርስቲያን ጎረቤት ማን እንደሆነ አስቀድመሽ ተዋውቀሽው ትሆኛለሽ።

እና ቡናውን ጥሬውን ግዢ፣ የተቆላ እንዳትወስጂ። እናትየው ራሳቸው ፊትሽ መቁላት ይፈልጋሉ።